ከመኪናችሁ ሥር የተበላሸውን፣ ስሙን የማታውቁትን ዕቃ እንዴት ትለያላችሁ?

መኪናችሁ ኮረኮንች ላይ ሲገባ ከሥሩ አንድ ነገር ይንኳኳል። አንዱ መካኒክ ሾክ አብዞርበር ነው ይላል፤ ሌላው ጎሚኒ (በብረቶች መገጣጠሚያ ውስጥ የሚገባው የጎማ ቁራጭ) ነው ይላል፤ ሦስተኛው ገና ሳያጎነብስ የሚቀየሩትን ዕቃዎች ዝርዝር ጽፎ ይሰጣችኋል። ዝርዝሩን ይዛችሁ መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ስትደርሱ ሻጩ «የግራ ነው የቀኝ? የፊት ነው የኋላ?» ብሎ ይጠይቃል። መልስ የላችሁም። ደህናውን ዕቃ አውልቆ አዲስ መግጠምና ድምፁን ይዞ ወደ ቤት መመለስ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ይህ መመሪያ ጥገና አያስተምርም። ዓላማው ጥፋተኛውን ዕቃ ለይታችሁ፣ ለመካኒኩም ለሻጩም በማያሻማ መንገድ እንድታስረዱ ነው። ለዚህ ስሙን ማወቅ አያስፈልጋችሁም። ዕቃው ከምን ተነሥቶ ምን ላይ እንደሚታሰርና መኪናው ሲሄድ ምን እንደሚሠራ ከተናገራችሁ ስሙን ሻጩ ራሱ ይነግራችኋል።

1. መጀመሪያ አድምጡ

ከመኪናው ሥር ከመግባታችሁ በፊት መኪናውን ንዱት። ሬዲዮውን ዝጉ፣ መስኮቱን ክፈቱ፣ በግንብ አጥር ጥግ ቀስ ብላችሁ እለፉ፤ ግንቡ ድምፁን ወደ ጆሯችሁ ይመልሰዋል። ድምፁ ምን እንደሚመስል ከመግለጽ ይልቅ መቼ እንደሚሰማ መዝግቡ። አንዱ «ቋ» ያለውን ሌላው «ዱብ» ይለዋል፤ ጊዜው ግን አያከራክርም።

መሪው እስከ መጨረሻ ተጠምዝዞ ነዳጅ ሲሰጠው በተከታታይ «ቀጭ ቀጭ» የሚል ከሆነ፣ ከካምቢዮ (ከማርሽ ሣጥኑ) ወደ ፊት ጎማ ኃይል የሚወስደውን ዘንግ፣ ሴሚያሱን፣ በተለይም ወደ ጎማው በኩል ያለውን መገጣጠሚያ ተጠራጠሩ። ማርሽ ወደ ኋላ ሲገባ ወይም ነዳጅ ድንገት ሲሰጠው አንድ ጊዜ ብቻ የሚመታ ከሆነ ደግሞ የሞተር ወይም የካምቢዮ መደገፊያ ጎማ ሊሆን ይችላል፤ በኋላ ጎማ በሚገፉ መኪኖች ላይ ረጅሙ ዘንግ ላይ ያለው ባለ መስቀል መገጣጠሚያ፣ ክሮቼራም፣ እንዲሁ ያደርጋል።

ከፍጥነት ጋር አብሮ የሚያድግ ጉርምርምታ ብዙውን ጊዜ የኩሽኔታ (ጎማው የሚሽከረከርበት ቀለበት) ነው። ሰፊና ባዶ መንገድ ላይ ስትሆኑ መሪውን በቀስታ ወደ ግራ አዘንብሉ፤ ያን ጊዜ የመኪናው ክብደት ወደ ቀኝ ይጫናል። ጉርምርምታው ከበረታ የቀኙ ኩሽኔታ ተጠርጣሪ ነው፤ ወደ ቀኝ ስታዘነብሉ ከበረታ የግራው። እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ሳይመጣጠን ያለቀ ጎማም ልክ እንዲህ ያጉረመርማል። የፊቱንና የኋላውን ጎማ አለዋውጣችሁ ስትነዱ ድምፁ ቦታ ከቀየረ ጥፋቱ የጎማው ነው፤ ኩሽኔታ አትግዙ።

ሁለት ድምፆች ደግሞ ሰውን ያለ ምክንያት ያስደነግጣሉ። አንደኛው ሞተር ሲነሣ የሚንቀጫቀጭ የቆርቆሮ ድምፅ ነው፤ ይህ ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) ላይ ሙቀት እንዲከልል የተሸፈነው ስስ ቆርቆሮ ማሰሪያው ላልቶ ሊሆን ይችላል። በዚህ ምክንያት ማርሚታ መቀየር ገንዘብ መጣል ነው። ሁለተኛው ከጠጠር መንገድ በኋላ ድንገት የሚጀምር የብረት መፋቅ ነው፤ በፍሬን ዲስኩና ከኋላው ባለው የአቧራ መከለያ መካከል ትንሽ ጠጠር ስትገባ እንዲህ ይሆናል። ጥቂት ወደ ኋላ መንዳት አንዳንዴ ያወጣታል። የሚፋቀው ፍሬን ሲያዝ ብቻ ከሆነ ግን የፍሬን ሸራው አልቆ ብረት ብረትን እየበላ ነውና አትዘግዩ።

2. መኪናውን አታሳጥቡ

ብዙ ሰው መካኒክ ፊት ቆሻሻ መኪና ይዞ መቅረብ ያፍራል። ለምርመራ ግን ቆሻሻው ማስረጃ ነው። ዘይት የነካው አቧራ ይጠቁራል፣ የሚፋተግ ብረት ያብረቀርቃል፣ የላላ ቡሎን ዙሪያ የዝገት ዱቄት ይታያል። ላቫጆ ገብቶ ግፊት ያለው ውኃ ከሥር ከተለቀቀበት ይህ ሁሉ ይጠፋል። መጀመሪያ ተመልከቱ፣ ከዚያ አሳጥቡ፣ ከዚያ ጥቂት ነድታችሁ እንደገና ተመልከቱ፤ በታጠበ አካል ላይ አዲስ የወጣ ፈሳሽ ምንጩን አይደብቅም።

የሚፈስ ነገር ካለ ማታ መኪናውን ስታቆሙ ሰፊ ካርቶን ከሥሩ አንጥፉ፤ የአራቱንም ጎማ ቦታ በእርሳስ ምልክት አድርጉ። ጠዋት ነጠብጣቡ የት እንዳረፈ፣ ምን ቀለም እንዳለው፣ ምን እንደሚሸት ታያላችሁ። ቡናማ ወይም ጥቁር ከሆነ ብዙውን ጊዜ የሞተር ዘይት ነው። ቀላ ካለ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ወይም የመሪ ዘይት ሊሆን ይችላል፤ ሲያረጅ ግን እሱም ቡናማ ይሆናል። አረንጓዴ ወይም ሮዝ ሆኖ ጣፋጭ ሽታ ካለው የራዲያተር ፈሳሽ ነው። ወፍራም ሆኖ የድኝ ሽታ የሚሸት ከሆነ የማንዋል ካምቢዮ ወይም የዲፈረንሻል (ኃይሉን ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያከፋፍለው ክፍል) ዘይት ነው። ጎማ አጠገብ የሚገኝ ፈዘዝ ያለ ቢጫ ቀጭን ፈሳሽ የፍሬን ዘይት ነው፤ ይህን ካያችሁ መኪናውን አታንቀሳቅሱ። ኤሲ ከተከፈተ በኋላ የሚንጠባጠብ ንጹሕ ውኃ ግን ጤነኛ ነው።

መኪና ሲሄድ ነፋሱ ዘይትን ወደ ኋላና ወደ ታች ይገፋዋል። ስለዚህ ጠብታው የወደቀበት ቦታ ምንጩ አይደለም። ከረጠበው አካባቢ ከሁሉ ላይኛውንና ከሁሉ ፊተኛውን ነጥብ ፈልጉ፤ ምርመራው የሚጀምረው ከዚያ ነው።

3. ከሥር መግባት

ክሪክ መኪና ለማንሣት እንጂ አንሥቶ ለመያዝ የተሠራ አይደለም። በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር እጃችሁን እንኳ አታስገቡ። መሬቱ ጠንካራና ሜዳ ይሁን፤ የአዲስ አበባ መንደር መንገዶች አብዛኞቹ ዳገት ወይም ቁልቁለት ስለሆኑ ቦታ መምረጥ ራሱ ሥራ ነው። የእጅ ፍሬን ያዙ፣ መሬት የነኩትን ጎማዎች ከፊትና ከኋላ በድንጋይ አስደግፉ፣ ክሪኩን አምራቹ ባዘጋጀለት የጎን ጠርዝ ላይ ብቻ አሳርፉ፣ ከዚያ የብረት መደገፊያ አስገብታችሁ መኪናውን በእሱ ላይ አስቀምጡት። የግንባታ ብሎኬትን እንደ መደገፊያ የሚጠቀም ሰው ካያችሁ ከልክሉት። ውስጡ ክፍት ስለሆነ ሲሰነጠቅ አያስጠነቅቅም፤ በአንዴ ይፈርሳል። ትርፍ ጎማውን ከመኪናው ጎን ሥር አጋድማችሁ አስገቡት፤ ሁሉም ነገር ቢከዳችሁ ክፍተት ያተርፍላችኋል። ከመግባታችሁ በፊት መኪናውን በእጃችሁ ገፋ ገፋ አድርጉት፤ የሚወዛወዝ ከሆነ አትግቡ።

ሞተሩ ይጥፋ፣ ማርሚታውም ይቀዝቅዝ፤ ከጉዞ በኋላ ቢያንስ አንድ ሰዓት ጠብቁ። ዓይናችሁን በመነጽር ሸፍኑ፤ የደረቀ ጭቃ ቀጥታ ወደ ዓይን ነው የሚወርደው።

ይህ ሁሉ ከከበዳችሁ፣ እኔ የምመርጠው መንገድ አለ። መኪና ወደ ላይ የሚያነሣ ማንሻ ያለው ላቫጆ ወይም ጉድጓድ ያለው ጋራዥ ሂዱ፤ ከማጠባቸው በፊት ትንሽ ጊዜ እንዲሰጧችሁ ጠይቁ። ቆሞ በጥሩ ብርሃን ማየት ተጋድሞ በእጅ ባትሪ ከመፈለግ በብዙ ይሻላል።

መኪናችሁ የኤሌክትሪክ ከሆነ አንድ ነገር ልብ በሉ። ብርቱካናማ ቀለም ያለው ገመድ ሁሉ ከፍተኛ ቮልቴጅ ይሸከማል፤ አትንኩት። ወለሉን የሸፈነው ጠፍጣፋ ሣጥን ባትሪው ስለሆነ ክሪክ አታሳርፉበት።

4. ዕቃው ከየትኛው ወገን ነው?

ከሥር ስታዩ ሁሉም ጭቃ የለበሰ ብረት ነው። ጥርጣሬ ያሳደረባችሁን ዕቃ እያያችሁ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ መኪናው ሲሄድ ይህ ዕቃ ምን ይሠራል? መልሱ ከአራት አንዱ ነው።

የሚሽከረከር ሊሆን ይችላል። ከካምቢዮ ወጥቶ ወደ ጎማው መካከል የሚገባ ዘንግ ካያችሁ ሴሚያስ ነው። በሁለቱ ጫፎቹ የተሸበሸበ የጎማ ሽፋን አለው። ሽፋኑ ከተቀደደ በውስጡ ያለው ግሪስ እየተፈናጠረ በጎማው የውስጥ ገጽና ዙሪያውን ባሉት ብረቶች ላይ ጥቁር ቀለበት ይሠራል፤ ይህን ምልክት ከሌላ ጋር ማምታታት ይከብዳል። በሚኒባስና በፒክአፕ ላይ ደግሞ ከካምቢዮ ወደ ኋላ የሚሄደው ረጅም ዘንግ ከዚህ ወገን ነው።

ከጎማው ጋር ወደ ላይና ወደ ታች የሚንቀሳቀስ ሊሆን ይችላል። ኮረኮንች ላይ የሚንኳኳው አብዛኛው ዕቃ የዚህ ወገን ስለሆነ ጊዜያችሁን እዚህ አጥፉ። በቪትዝ፣ በያሪስና በኮሮላ የፊት እግር ላይ ከመኪናው መካከል ተነሥቶ ወደ ጎማው የሚዘረጋ ሰፊ ብረት አለ፤ የታችኛው ክንድ ነው። ከመኪናው ጋር የሚታሰረው በሁለት ጎሚኒዎች ነው፤ በጎማው ጫፍ ደግሞ ቦል ጆይንት፣ ማለትም በኳስ የሚዞር መገጣጠሚያ፣ አለው። ከበላዩ ሞላ የተጠመጠመበት ሾክ አብዞርበር ይቆማል። ከአንዱ ጎማ ወደ ሌላው የሚሻገር የታጠፈ ወፍራም የብረት ዘንግ ደግሞ ስታቢላይዘር ይባላል፤ እሱን ከሾክ አብዞርበሩ ጋር የሚያገናኘው እንደ እርሳስ የቀጠነ፣ በሁለቱም ጫፍ ኳስ ያለው ብረት ሊንኩ ነው። ይህች ትንሽ ሊንክ በእንዲህ ዓይነት መኪኖች ላይ ከሚያንኳኩት ዕቃዎች መካከል ቀዳሚዋ ናት፤ ዋጋዋም ከሾክ አብዞርበር ጋር አይወዳደርም። መጀመሪያ እሷን መርምሩ። የቪትዝ የኋላ እግር ቀላል ነው፦ አንድ ወፍራም ተሻጋሪ ብረት፣ ሁለት ሞላ፣ ሁለት ሾክ አብዞርበር። ባሌስትራ (ተደራርቦ የታሰረ የብረት ቅጠል) ባላቸው መኪኖች ላይ ደግሞ የተሰበረ ቅጠል፣ የላላ ማሰሪያና ያለቀ የባሌስትራ ጎሚኒ ፈልጉ።

ሦስተኛው ወገን መሪ ሲዞር ወደ ግራና ቀኝ የሚሄደው የመሪ ዘንግ ነው። ከውጭ ሆኖ አንድ ሰው መሪውን ትንሽ ትንሽ እያወዛወዘ ከተመለከታችሁ የትኛው ዘንግ እንደሆነ ወዲያው ይታያችኋል። ከሊንኩ ጋር የሚያምታቱት አሉ፤ ሊንኩ ወደ ላይ የቆመ ነው፣ የመሪው ዘንግ ግን የተጋደመ ነው።

አራተኛው ምንም የማይንቀሳቀስ ነው፦ ማርሚታ፣ የነዳጅ ታንከር፣ ቱቦዎች፣ መከለያዎች። ማርሚታ የተንጠለጠለው በጎማ ቀለበቶች ነው፤ አንዱ ሲበጠስ ቱቦው ከአካሉ ጋር ይጋጫል። ሲቀዘቅዝ በቡጢ መታ መታ አድርጉት፤ ድምፁን ደግሞ ካሰማችሁ ሥራው አልቋል። መገጣጠሚያው ላይ ጥቁር ጥላሸት ካለ ጭስ እያፈተለከ ነው።

5. መንትያውን ፈልጉ

የመኪና እግር በግራና በቀኝ የተመሳሰለ ስለሆነ፣ የተበላሸ የሚመስለው ዕቃ በሌላው በኩል መንትያ አለው። የቀኙ ጎሚኒ ተቀዶ እንደሆነ ካላወቃችሁ የግራውን ተመልከቱ። አንዱ ከረጠበ፣ ሌላው ከደረቀ፤ አንዱ ከዘመመ፣ ሌላው ቀጥ ካለ መልሱን አገኛችሁ። የተሰበረና የወደቀ ዕቃም በዚሁ ይታወቃል፤ በአንዱ በኩል ባዶ ቀዳዳ ካለ በሌላው በኩል ምን እንደታሰረበት ተመልከቱ። ለማርሚታና ለታንከር ይህ ዘዴ አይሠራም።

የብረቱን ገጽም አንብቡ። አዲስ ስብራት ሻካራና ብሩህ ነው፤ አሮጌ ስብራት ዝጓል። ለስልሶ የሚያበራ ቦታ ደግሞ ሁለት ብረት ለረጅም ጊዜ የተፋተጉበት ነው። ጎሚኒ ላይ ስስ የላይ ስንጥቅ የእርጅና ነው፣ አያስፈራም፤ ጎማው ከብረቱ ከተላቀቀ ግን አልቋል። ሾክ አብዞርበር ላይ አቧራ የያዘ ቀጭን ወዝ የተለመደ ነው፤ ዘይቱ ወደ ታች ከወረደ መቀየር አለበት።

6. በእጅ ማረጋገጥ

ጎማው ከመሬት ተነሥቶ ሳለ በአንድ እጅ ላዩን በሌላው ታቹን ያዙና አንዱን ስትገፉ ሌላውን ሳቡ። ክፍተት ከተሰማችሁ ኩሽኔታ ወይም ቦል ጆይንት ነው። ለመለየት ረዳታችሁ የእግር ፍሬን ይያዝና ደግማችሁ ሞክሩ። ክፍተቱ ከጠፋ ኩሽኔታው ነው፤ እንዳለ ከቀጠለ ቦል ጆይንቱ ነው። ከዚያ ጎማውን በግራና በቀኝ ጎኑ ይዛችሁ ተመሳሳዩን አድርጉ፤ እዚህ የሚታየው ክፍተት አብዛኛውን ጊዜ ከመሪ ዘንጉ ጫፎች ነው። ረዳታችሁ ሲያወዛውዝ እናንተ መገጣጠሚያውን በጣታችሁ ያዙት፤ ዓይን ያላየውን ጣት ይሰማዋል። ኩሽኔታን ለማረጋገጥ ሌላም መንገድ አለ፦ አንድ እጅ ሞላው ላይ አሳርፋችሁ ጎማውን በሌላው አሽከርክሩ፤ ያለቀ ኩሽኔታ መንቀጥቀጡን በሞላው በኩል ያስተላልፋል።

ሊንኩን ስትመረምሩ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አንድ ጎማ ብቻ ከተነሣ ስታቢላይዘሩ ይጠመዘዝና ሊንኩን ወጥሮ ይይዘዋል፤ ያለቀው ሊንክም ደህና ይመስላል። ሁለቱም የፊት ጎማዎች መሬት ላይ ሳሉ ወይም ሁለቱም ተንጠልጥለው ሳለ ጨብጣችሁ በኃይል አነቃንቁት። ጎሚኒዎችን ለመፈተን ደግሞ ረጅም ካቻቢቴ በክንዱና በመኪናው አካል መካከል አስገብታችሁ በቀስታ ፈልቅቁ፤ ሁለቱን ወገን አወዳድሩ።

የመሪ ዘንግ ወይም ቦል ጆይንት ላይ ግልጽ ክፍተት ካገኛችሁ፣ የፍሬን ዘይት ወይም ነዳጅ ሲፈስ ካያችሁ መኪናውን ራሳችሁ ወደ ጋራዥ አትንዱት። ክሬን ጥሩ ወይም መካኒኩን ወደ ቤት አምጡ።

7. ፎቶና ቁጥር

ሦስት ፎቶ አንሡ፦ አንዱ ከራቅ ብሎ ጎማው የሚታይበት፣ ሁለተኛው ዕቃውን ሁለት ጫፉ ከታሰረበት ጋር፣ ሦስተኛው ጉዳቱን በቅርብ። ረዳታችሁ ሲያነቃንቀው ቪዲዮ ቅረጹ። በቴሌግራም ለመካኒክ ስትልኩ ግራና ቀኝ ማለት ሾፌሩ ወንበር ላይ ተቀምጦ ወደ ፊት ሲታይ መሆኑን አትርሱ፤ ከመኪናው ሥር በጀርባ ስትጋደሙ አቅጣጫ ሊምታታባችሁ ይችላል።

ዕቃው ላይ የተለጠፈ ወይም የታተመ ቁጥር ካለ ገልብጡ። ቶዮታ የመለዋወጫ ቁጥሩን አምስት አሃዝ፣ ሰረዝ፣ ከዚያ አምስት ምልክት አድርጎ ይጽፋል፤ የመጀመሪያዎቹ አምስቱ የዕቃውን ዓይነት ይናገራሉ። 48820 የስታቢላይዘር ሊንክ ነው፤ 43330 ቦል ጆይንት፤ 48510 የቀኝ፣ 48520 የግራ የፊት ሾክ አብዞርበር፤ 48068 የቀኝ፣ 48069 የግራ የታችኛው ክንድ፤ 04465 የፊት ፍሬን ሸራ። ከሰረዙ በኋላ ያለው ለየትኛው ሞዴል እንደሆነ ይለያል። ብረቱ ሲቀለጥ አብሮ የወጣ ጎርባጣ ቁጥር ግን የቅርጹ እንጂ የመለዋወጫው ቁጥር ላይሆን ይችላል።

የሻንሲ ቁጥሩን ከሊብሬው ብቻ ሳይሆን ከመኪናው ላይም አንብቡ፤ ሁለቱ መግጠም አለባቸው። 17 ምልክት ያለው ከሆነ አይ፣ ኦ እና ኪው የሚባሉት የላቲን ፊደላት በውስጡ የሉም፤ ኦ የመሰላችሁ ዜሮ ነው። ለጃፓን ገበያ የተሠራ መኪና አጭር ቁጥር አለው፤ ኤስሲፒ10 ብሎ የሚጀምረው የመጀመሪያው ትውልድ ባለ 1.0 ሊትር ቪትዝ ነው፣ ኬኤስፒ90 ሁለተኛው ትውልድ ባለ 1.0 ሊትር፣ ኤስሲፒ90 ባለ 1.3። መሪው ከቀኝ ወደ ግራ የተዛወረ መኪና ከሆነ የመሪው ዕቃዎች ከሻንሲ ቁጥሩ ጋር ላይስማሙ ይችላሉ፤ የመሪ ዕቃ ስትገዙ የተፈታውን ዕቃ በእጃችሁ ያዙ።

8. ሱቁ ደጃፍ

ሻጩን «ይህ ስንት ነው?» ከማለታችሁ በፊት አሮጌውንና አዲሱን ጎን ለጎን አጋድሙ። ርዝመቱን፣ የቡሎኑን ውፍረት፣ የጥርሱን ቅጥነት፣ የኳሱ ጫፍ የሚታጠፍበትን አቅጣጫ አወዳድሩ፤ ዳዶውን ከአዲሱ ላይ በእጅ አሽከርክራችሁ እስከ መጨረሻው መግባቱን እዩ። ካልገጠመ የመመለስ ጊዜው ስንት ቀን እንደሆነ ደረሰኙ ላይ አስጽፉ። አሮጌውን ዕቃም መካኒኩ ጋ አትተዉት፤ አዲሱ ተገጥሞ ድምፁ ካልጠፋ የተፈታው ደህና ሊሆን ስለሚችል፣ እሱን መልሶ አስገጥሞ አዲሱን ለባለሱቁ ለመመለስ ያስፈልጋችኋል።